እትዬ ሜትርና ቡናማው መናፈሻ

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በማዘጋጃ ቤቱ የቅየሳ ክፍል ውስጥ መሬት ሲለኩ የኖሩ ሴት ናቸው። ሲቀጠሩ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሴት ስላልነበረች ባልደረቦቻቸው ምን ብለው እንደሚጠሯቸው ግራ ገባቸው። በስማቸው መጥራትን ማንም አላሰበውም። በመጨረሻ ከእጃቸው የማይለየውን የብረት ሜትር አይተው «እትዬ ሜትር» አሏቸው፤ በዚያው ቀረ። ጡረታ በወጡበት ቀን የተሰጣቸው የምስጋና ወረቀት ላይ የአባታቸው ስም ተሳስቶ ተጽፏል። ይህ የሆነው መሥሪያ ቤቱ ስማቸውን ለማጣራት ሠላሳ ስድስት ዓመት ስላልበቃው እንጂ ንቋቸው እንዳልሆነ የዚያን ጊዜው አለቃቸው በንግግሩ አረጋግጧል፤ ተጨብጭቦለታልም።

አላገቡም። የሚኖሩት ባሏ ከሞተባት ታናሽ እህታቸው ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። እህትየው ልብስ ሰፊ ነች። የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አስቀምጣ ቀኑን ሙሉ ትነዳለች። ሁለቱም ሜትር አላቸው፤ የአንዷ የብረት፣ የሌላዋ የጨርቅ። የሚጣሉትም በዚሁ ነው።

«ሰው ይተነፍሳል፤ ሁለት ጣት ተርፎ ነው የሚለካው» ትላለች እህትየው።

«መሬት አይተነፍስም» ይላሉ እትዬ ሜትር። «ሁለት ጣት ካስተረፍሽለት ጎረቤትሽ ቤት ይሠራበታል።»

መስኮቱ የሚያየው ወደ መናፈሻው ነው። ትልቅ መናፈሻ አይደለም። ጥቂት አሮጌ ዛፎች፣ ሣሩ ከመሐል የተላጠ ሜዳ፣ እግራቸው የላላ አግዳሚ ወንበሮች፣ ውሃ መትፋት ካቆመ የቆየ ፏፏቴ አለው። ልጆች ይሯሯጡበታል፣ ሽማግሌዎች ይከራከሩበታል፣ ቤት የጠበባቸው ፍቅረኞች ይኳረፉበታል። እትዬ ሜትር የዛሬ አርባ ዓመት፣ በተቀጠሩ በመጀመሪያው ዓመት፣ የዚህን መናፈሻ ወሰን ለክተው አሥራ አራት የሲሚንቶ ችካል አስተክለዋል። ያኔ ቦታው ጭቃ ነበር፤ ጫማቸውን ሁለት ጊዜ ውጦባቸዋል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ የመናፈሻው ጥበቃ ቤት ውስጥ አዲስ ወረቀት ተለጥፎ አዩ። ጥበቃው ከተነሳ ዓመት ስላለፈው ክፍሉ ተቆልፏል። ወረቀቱ የተለጠፈው በውስጥ በኩል፣ ከበሩ ጀርባ፣ «ሕዝብ በቀላሉ እንዲያየው» ነው። እትዬ ሜትር ግንባራቸውን የክፍሉ መስኮት መስታወት ላይ ደግፈው፣ አንገታቸውን አጣመው አነበቡ። የከተማው የመሬት አጠቃቀም ፕላን «የነዋሪውን የልማት ጥያቄ ለመመለስ» ይሻሻላል። መናፈሻው ከአረንጓዴ ቀለም ወደ ቡናማ፣ ማለትም ከክፍት ቦታ ወደ ቅይጥ አገልግሎት ይዛወራል። ይህም የሚሆነው «አረንጓዴነቱን በጠበቀ መልኩ» ነው።

ዳቦውን ረስተው ተመለሱ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች እህትየው።

«መናፈሻውን ቡናማ ሊያደርጉት ነው።»

«በጋ ሲሆን መቼም ቡናማ ነው።»

«ፎቅ ሊሠሩበት ነው፣ አንቺ!»

እህትየው መርፌውን ከከንፈሯ አወጣች። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ከዚያ «ታዲያ ብርሃኔስ?» አለች። በሰፈሩ ለፕላኑ የቀረበው የመጀመሪያው ተቃውሞ ይህ ነው።

የሕዝብ ውይይት ተጠራ። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት፣ ሥራ ያለው ሰው ሁሉ ሥራ ላይ የሚሆንበት ሰዓት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ግን የሰዉን ብልሃት አሳንሶ ገምቶ ኖሮ አዳራሹ ጢም አለ። መድረኩ ላይ ከታሸገ ውሃ ጀርባ የፕላን መምሪያው ኃላፊ ተቀምጧል። እትዬ ሜትር ሲያዩት ልባቸው ትንሽ ሞቀ። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ከትምህርት ቤት ገና እንደወጣ ቴዎዶላይት የሚባለው የቅየሳ መሣሪያ እንዴት እንደሚተከል ያሳዩት እሳቸው ናቸው። ዝናብ ሲመጣ ከራሱ በፊት መሣሪያውን የሚሸፍን፣ ጎበዝ ተማሪ ነበር። አሁን ከረባቱ ከመናፈሻው አግዳሚ ወንበሮች ይልቅ በሥርዓት ተይዟል።

ኃላፊው ግድግዳው ላይ ሥዕል አሳየ። ዘጠኝ ፎቅ ያለው ሕንፃ፣ ከፊት ለፊቱ ፊኛ የያዘች ልጅ፣ የሚስቅ ቤተሰብ፣ ብስክሌት የሚነዳ ሽማግሌ። ሥዕሉ ውስጥ ፀሐይ እንጂ ጥላ አልነበረም፤ ዘጠኝ ፎቁ እንኳ ጥላ አልጣለም።

መጀመሪያ የተነሳው የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ ከመናፈሻው ሰሜናዊ ዳር ተያይዞ ነው ያለው። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ የተመረጠው ንግግር ስለሚችል ነው፤ ንግግር የለመደው ደግሞ ምላጭ አንገታቸው ላይ ያረፈባቸው ደንበኞቹ ተቃውመውት ስለማያውቁ ነው።

«ይህ መናፈሻ የሕዝብ ነው!» አለ እጁን እያወዛወዘ። «አንድ ስንዝር አንሰጥም! ከሕዝብ መሬት አንድ ስንዝር የነካ እጁ ይቆረጥ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እትዬ ሜትር ግን አላጨበጨቡም፤ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ።

አንዲት እናት «ልጆቻችን የት ይጫወቱ?» ስትል ጠየቀች።

«ጣሪያው ላይ አረንጓዴ ስፍራ ይኖራል» አለ ኃላፊው።

«ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ኳስ?»

«አጥር ይኖረዋል።»

በመጨረሻ እትዬ ሜትር ተነሱ። «አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። መናፈሻው ስንት ካሬ ነው?»

ኃላፊው ወረቀቱን አየ። «አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ካሬ ሜትር። ከዚህ ውስጥ ሠላሳ በመቶው ክፍት ሆኖ ይቀራል።»

«እኔ ስለካው አሥራ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ነበር።»

ኃላፊው ፈገግ አለ። «እትዬ፣ እርስዎ የለኩት በሜትር ነው። አሁን በሳተላይት ነው የሚለካው። ዘመኑ ተቀይሯል።»

አንዳንዶች ሳቁ። እትዬ ሜትር ተቀመጡ። ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ወደ ቤት ሲሄዱ እህታቸው «ምነው ዝም አልሽ?» ብትላቸው «መሬት በሳተላይት ሲለካ ያድጋል እንዴ?» ብለው ብቻ መለሱላት።

በማግሥቱ አሮጌውን የብረት ሜትር ከአልጋ ሥር አወጡ፤ ሃምሳ ሜትር ነው። ፀጉር አስተካካዩ አንዱን ጫፍ ያዘ፤ እህትየው ደብተሩን ይዛ ቁጥር ትጽፋለች፤ እሳቸው ያዛሉ። የቆመ ሰው ሁሉ አስተያየት አለው። አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ትሪጎኖሜትሪ ሊያስረዳቸው ሞከረ። ሌላው «ኧረ በእርምጃ ቢለካ ይቀላል» አለ። ችካሎቹ ከሣርና ከቆሻሻ ሥር አንድ በአንድ ተገኙ፤ ዘጠነኛውን አንድ ሰው ለዓመታት ቁጭ ሲልበት ኖሯል። ሰባተኛውን ሲፈልጉ ግን እትዬ ሜትር ፀጉር አስተካካዩን «አንተ ሂድ፣ ደንበኛ መጥቶልሃል» ብለው ሰደዱት፤ ደንበኛ ግን አልመጣም ነበር። ሰባተኛውን ራሳቸው ፈልገው አገኙት። ልክ እሳቸው ያስቀመጡበት ቦታ ነበር።

ማታ ሲደምሩ ውጤቱ ያው አሥራ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሆነ። በአርባ ዓመት ውስጥ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። የቀረው ነገር ማዘጋጃ ቤቱ የጨመረው ሁለት ሺህ አምስት መቶ ስልሳ ካሬ ሜትር ከየት እንደመጣ ማወቅ ነው። መዝገብ ቤት ሄደው፣ አራት መስኮት ዞረው፣ የፕላኑን ቅጂ አገኙ። ወለሉ ላይ ዘርግተው ተንበርክከው ሲያዩት መስመሩ ከመናፈሻው ደቡባዊ ዳር ይነሳና መንገዱን ይሻገራል። ከዚያ የማዘጋጃ ቤቱን የሠራተኞች መኪና ማቆሚያ፣ አዲሱን የቆርቆሮ ዳስ ጨምሮ፣ እቅፍ አድርጎ ይመለሳል።

«የመኪና ማቆሚያውንም ሊያፈርሱት ነው?» አለች እህትየው።

«የራሳቸውን? አብደሻል? የፈለጉት ቁጥሩን ነው እንጂ መሬቱን አይደለም።»

ሕጉ ይህን ያህል ስፋት ያለው ክፍት ቦታ ሲዛወር ቢያንስ አራት ሺህ ካሬ ክፍት ሆኖ ይቅር ይላል። ከእውነተኛው ስፋት ሠላሳ በመቶ ሲወሰድ አራት ሺህ አይሞላም። መኪና ማቆሚያው ሲጨመር ግን ሞልቶ ይተርፋል። ንጹህ ሥራ ነው። ተማሪያቸው ጎበዝ እንደነበረ አስቀድመን ተናግረናል።

እትዬ ሜትር ለጋዜጣም ለኮሚቴውም ከመናገራቸው በፊት ወደ ቢሮው ሄዱ። ኃላፊው ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበላቸው፤ ሻይ አስመጣ፤ ጤናቸውን፣ እህታቸውን፣ ጉልበታቸውን ጠየቀ። ቅጂውን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጉት ግን መጠየቁን አቆመ።

«ይህን ያደረገው ሳተላይቱ ነው ወይስ አንተ?» አሉት።

ኃላፊው ተነስቶ በሩን ዘጋ። «እትዬ፣ እኔ ከላይ የሚመጣብኝን አያውቁም። ቁጥሩ ይግባ ተባልኩ፤ አስገባሁት።»

«ታዲያ አውጣው።»

«አሁን አይወጣም። እንዲያውም...» ድምፁን አለሰለሰ። «ጣሪያው ላይ ያለው አረንጓዴ ስፍራ በእርስዎ ስም ቢሰየም ብለን አስበናል።»

«በየትኛው ስሜ? በተሳሳተው?»

ኃላፊው አልሳቀም። የሻዩን ማንኪያ አነሳ፣ አስቀመጠ። ከዚያ ዓይናቸውን ሳያይ «ሰባተኛው ችካልስ?» አላቸው።

እትዬ ሜትር ክው አሉ።

በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ መስመር አጥፈዋል። ያኔ ሃያ አራት ዓመታቸው ነበር። የመናፈሻው ሰሜናዊ ወሰን ቀጥ ብሎ ቢሄድ የአንዲት ልብስ አጣቢን ቤት የጓሮ ክፍል ይቆርጣል። ሴትየዋ የጨቅላ ልጅ እናት ነበረች፤ ባል የላትም። የሥራው አለቃ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ሴትየዋ አልለመነቻቸውም። ያጠበችውን አንሶላ እየጨመቀች ዝም ብላ ብቻ ታያቸው ነበር። ሰባተኛውን ችካል ሦስት ሜትር ወደ መናፈሻው ውስጥ አስገቡት፤ ፈረሙበት። ከመናፈሻው መቶ ሃያ ካሬ ሜትር ተቆረጠ። ይህን የነገሩት በዓለም ላይ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። አሁን ፊታቸው ለተቀመጠው ለዚህ ልጅ ነው፤ ሥራ ሲያስተምሩት፣ «አንተ እንዳትደግመው» ብለው።

«አስተምሬህ ነበር እኮ» አሉት ሲነሱ። «አንተ ደግሞ ጥሩውን ትተህ ይህችን ብቻ ያዝክ።»

ደረጃውን የብረት መደገፊያውን ይዘው ወረዱ። ያስፈራቸው የራሳቸው ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የዚያች ልብስ አጣቢ ጨቅላ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ የእናቱን ቤት ሱቅ አድርጎታል፤ በጓሮው ክፍል ደንበኞቹን ያስቀምጣል፤ በየስብሰባው እየተነሳ «ከሕዝብ መሬት አንድ ስንዝር የነካ እጁ ይቆረጥ» ይላል።

ወደ ፀጉር ቤቱ የሄዱት ከሰዓት በኋላ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ነው። መስታወቱ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«ሊቆረጡ ነው፣ እትዬ?» አለ እየሳቀ።

«ቁጭ በል። የምነግርህ አለ።»

ነገሩት። እናቱን፣ አንሶላውን፣ ችካሉን፤ ምንም አላስቀሩም። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ቀረ። ሰፈሩ ውስጥ ይህ ሰው ለአንድ ደቂቃ ዝም ብሎ የታየበት ጊዜ የለም፤ እትዬ ሜትር ግን ያን ቀን ሩብ ሰዓት ያህል ዝምታውን ሰሙ።

«እናቴ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም። ጠይቃኝ አታውቅም። ባገኘችኝ ቁጥር ግን ጎንበስ ብላ ነው ሰላም የምትለኝ፤ እኔም አንገቴን እደፋ ነበር።»

«እና አሁን ምን ላድርግ?»

«አንተ ምንም። እኔ የራሴን እናገራለሁ። አንተን የሚጎዳ ስለሆነ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው።»

«እኔን የሚጎዳኝን ለእኔ ብለው ነው የሚናገሩት?» አለ። መቀሱን አስቀምጦ በሩን ከፈተላቸው። «ውጡልኝ እትዬ። እባክዎን ይውጡልኝ።»

ወጡ። ያን ሳምንት እህታቸው ብዙ አልጠየቀቻቸውም። ምሳ ስታቀርብ ብቻ «ብትተዪውስ?» አለች አንድ ጊዜ። እትዬ ሜትር የፕላኑን ቅጂ አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

የመጨረሻው ስብሰባ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተደረገ። ይህኛውን የምትመራው የከተማው ምክር ቤት ሰብሳቢ ነች፤ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ሰው ሁሉ ቶሎ እንዲጨርስ የምታይ ሴት። ኃላፊው ያንኑ የሚስቅ ቤተሰብ አሳየ። እትዬ ሜትር እጃቸውን አወጡ፤ የፕላኑን ቅጂ ከፍ አድርገው መስመሩ የት የት እንደሄደ፣ ቁጥሩም ለምን እንደተፈለገ ተናገሩ። አዳራሹ አጉረመረመ። ኃላፊው ማይክራፎኑን ሲይዝ ምን ሊል እንደሆነ ስላወቁ አልጠበቁትም።

«አልጨረስኩም» አሉ። «እኔም አጥፍቻለሁ። የዛሬ አርባ ዓመት ሰባተኛውን ችካል ሦስት ሜትር አስገብቼ፣ ከመናፈሻው መቶ ሃያ ካሬ ቆርጬ፣ ፈርሜበታለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ልኬቴን የምታምኑ ከሆነ ይህንንም አብራችሁ እመኑ።»

ከኋላ አንዱ «ጉድ!» አለ። ሌላው «ታዲያ እሳቸው ምን አገባቸው!» አለ። የኃላፊው እጅ ማይክራፎኑ ላይ ቀረ፤ ሊተኩሰው ያዘጋጀውን ጥይት ሰው ቀድሞት ተኮሰበት።

ከዚያ ከመሐል ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ፀጉር አስተካካዩ ቆሟል። ፊቱ ገርጥቷል።

«መሬቱ እኔ ጋ ነው» አለ። «የጓሮው ክፍሌ ነው። ያደግሁበት ነው። እናቴ የሞተችውም እዚያ ነው። እጁ ይቆረጥ ያልኩት እኔ ነኝ።» ወደ ኃላፊው ዞረ። «የእኔን መቶ ሃያ ውሰዱ። የእናንተን ሁለት ሺህ አምስት መቶ ግን መልሱ።»

የዚያን ቀን የተጨበጨበው ያለ ንግግር ጥበብ ነው። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አውልቃ ወደ ኃላፊው ዞረች። «ልኬታቸው ትክክል ነው ወይስ አይደለም?»

«ይጣራል» አለ ኃላፊው።

ጉዳዩ ለተጨማሪ ጥናት ይመለስ ተባለ። ጥናት ማለት ይህች ከተማ ውስጥ ለነገሮች የሚሰጥ ረጅም ዕድሜ ነው። ሕንፃው ቀረ፤ መናፈሻው ባለበት ቆመ። በካርታው ላይ ግን አሁንም ቡናማ ነው፤ ቀለም ለመመለስ ሌላ ኮሚቴ ያስፈልጋል፤ ኮሚቴውን ለማቋቋም ደግሞ ጥናት።

ማዘጋጃ ቤቱ ግን ሥራ አይሠራም የሚሉትን ያሳፈረበት አንድ ጉዳይ አለ። የፀጉር አስተካካዩ የጓሮ ክፍል በዘጠኝ ቀን ውስጥ ፈረሰ። ደብዳቤው ደረሰ፣ ማኅተሙ ተመታ፣ መኪናው መጣ፣ አፍራሾቹም በሰዓታቸው ተገኙ። በዚያች ከተማ ታሪክ በወቅቱ የተፈጸመ ውሳኔ ያ ብቻ ነው ይባላል። ለመናፈሻው የተመለሰለት መቶ ሃያ ካሬ ሜትር የተሰባበረ ጡብ ነው።

እትዬ ሜትርም አልተረሱም። ከዲሲፕሊን ኮሚቴ ደብዳቤ መጣላቸው። ጥፋታቸው ከባድ መሆኑን፣ ሁለተኛ ቢደግሙት ግን ከሥራ እንደሚሰናበቱ በጥብቅ ያስጠነቅቃል። እህትየው ደብዳቤውን ጮክ ብላ አንብባ እስክታለቅስ ሳቀች። እትዬ ሜትር ግን ስማቸውን ተመለከቱ፤ በዚህኛው ላይ የአባታቸው ስም በትክክል ተጽፏል።

ፀጉር አስተካካዩ ሁለት ወር አላናገራቸውም። መንገድ ላይ ሲያገኙት ወደ ሰማይ ያያል። እሳቸውም ሰላምታ አላስገደዱትም፤ ይገባኛል ብለው ተቀበሉት። አንድ ቀን እህትየው ከገበያ ስትመለስ «ፀጉር ቤቱ በኋላ በኩል መስኮት አውጥቷል፤ ወደ መናፈሻው ነው የሚያየው» አለቻቸው። ሌላ ቀን ደግሞ እሳቸው ሲያልፉ ሰውየው በዚያ መስኮት ብቅ አለ፤ በአፉ ማበጠሪያ ይዟል።

«እትዬ!» አለ።

ቆሙ።

«ደንበኞቼ ሁሉ አሁን በዚህ በኩል እንቀመጥ ይላሉ። ንፋስ አለው።»

«ጥሩ ነዋ።»

«ጥሩ አይደለም። ወደ ውጭ እያዩ እኔን አይሰሙኝም።» ማበጠሪያውን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «እናቴ ብትኖር ትቆጣኝ ነበር ይመስልዎታል?»

«እኔን ነበር የምትቆጣው።»

አንገቱን ነቀነቀ፤ ይስማማ አይስማማ አልታወቀም። ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሰማይ ማየቱን ትቷል።

ኃላፊው ከፍ ወዳለ ቦታ ተሹሞ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሯል፤ ቁጥር ማስገባት የሚችል ሰው መቼም ሥራ አያጣም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ሜትር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ ሽማግሌ አባቱን ደግፎ ሲመጣ አዩት። አባትየው በቅርቡ ታመው ሐኪም ቀስ እያሉ ይራመዱ ብሏቸዋል፤ በዚያ አካባቢ ደግሞ የሚራመዱበት ሌላ ቦታ የለም። ኃላፊው እትዬ ሜትርን ሲያይ ሊመለስ አሰበ፤ አባቱ ግን ደክሟቸው ነበር።

እትዬ ሜትር ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡ። ሦስቱም ተቀመጡ። ወንበሩ አቃሰተ።

«ተቀይመውኛል፣ እትዬ?» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ።»

ሽማግሌው ትንፋሻቸው ሲረጋ ዙሪያቸውን አዩ፤ ኳስ የሚራገጡትን ልጆች፣ ዛፎቹን፣ የተላጠውን ሣር።

«ደስ የሚል ቦታ ነው» አሉ ወደ እትዬ ሜትር ዞረው። «የማን ነው?»

«ልጅዎን ይጠይቁት» አሉ እትዬ ሜትር። «ገና ጥናት ላይ ነው።»